ጳጉሜን በኅዳግ

ነጭ ጨርቅ እጎትታለሁ፣ ከሐይቁ ዳር ሣር ላይ፤
ያየኝ ሁሉ ይስቃል፣ «መሬት ታጥባለች ወይ?»
አንድ ሜትር አቡጀዲ፣ ከዱላ የታሰረ፣
በኅዳር ነጭ ነበር፣ በግንቦት ጠቆረ።
ሃያ እርምጃ ሄጄ፣ ጨርቁን ገልብጬ፣
በጉልበቴ ወርጄ፣ በመነጽር አፍጥጬ፣
እቆጥራለሁ።

በጣት የተቆነጠረ የበርበሬ ብናኝ ታህላለች፤
ግን ትሄዳለች።
ስድስት እግር አላት፣ ገና ልጅ ናትና፤
ሲሞላላት ስምንት፣ ያኔ ሰው ሳትነካ ትኖራለች በጤና።
ክፋቷ በልጅነት ነው፤
ካደገች ወዲያ ኑሮዋ አፈር ለአፈር ነው።
«ቅንቅን» ይላታል ሰፈሩ። ለዶሮው ቅማል፣ ለእንጨቱ ነቀዝ፣
ስሙ አንድ ነው። መለየት የእኔ ሥራ ነው፣ በወር ደመወዝ።

በጥር፣ ባዶ ጨርቅ። መሬቱ ተሰንጥቆ፣
ሣሩ እንደ ሽቦ ደርቆ፤
አባ ኮዳ ብቻ፣ ከአሞራ ገደል የዓሣ አንጀት ጠግቦ፣
ቆሞ ያየኛል እንደ ጡረተኛ፣ አንገቱን ከትከሻው ሰብስቦ።
በየካቲት ሁለት። በመጋቢት ሰባት።
ሚያዝያ ዘነበ፤ ጨርቁ ውሃ ጠጥቶ ከበደኝ።
ግንቦት ላይ ሣሩ ጉልበቴን አለፈ።
በኦቾሎኒ አታልዬ በወጥመድ የያዝኳት አይጥ፣
ጆሮዋን ባየው፣ ቀይ ጨሌ የሰካች ትመስላለች፣ ጨሌው ደም ሲመጥጥ።
ሐምሌ ስልሳ። ነሐሴ መቶ አሥራ ሁለት።
ቁጥሩ ሲወጣ ዶክተሩ ደስ ይለዋል፤
እኔ ካልሲዬን በሱሪዬ ላይ እስባለሁ፣ ሁለት ሁለት።

ቅጹ ግን ከሩቅ አገር ነው የመጣ፤
አሥራ ሁለት ዓምድ ያለው፣ አሥራ ሦስተኛ ያጣ።
በኅዳጉ ላይ፣ በእርሳስ፣ ወረቀቱን አግድሜ፣
«አምስት ቀን፣ ዘጠና አራት» ብዬ ጻፍኩ፣ ቆጠራውን ደግሜ።

ከአምስቱ በሦስተኛው፣ በሩፋኤል ዝናብ፣
ልጆች ራቁታቸውን ለበረከት ሲዘሉ በጎርፉ ውስጥ፣
ሆጤሶ ሣር አጭዶ፣ ሸክሙን ሳያነሳ፣
ዝናቡ ሲያባራ ሸሚዙን አንጥፎ፣ ትንሽ ጋደም አለ።
ትንሽ ብቻ።

መስከረም ሲጋመስ ራሱን ያዘው፣ አንዘፈዘፈው።
«ወባ ነው» ተባለ።
ደሙን ሦስት ጊዜ አየሁት፤ ሦስት ጊዜ ንጹሕ።
ሚስቱ ዳንጊሴ ናት ክንዱን አንስታ ያሳየችኝ፦
ከብብቱ ሥር፣ ሲጃራ የተተረኮሰበት የመሰለ
ጥቁር ቅርፊት።
«አጭሶ አያውቅም» አለች፣ እኔ ሳልጠይቃት።

ክኒኑ በሁለተኛው ቀን አላበው። ተነሥቶ ተቀመጠ።
ደሙ በበረዶ ሣጥን ተልኳል፤ መልስ እስካሁን የለም።
ስለዚህ የበሽታውን ስም አልጠራም፤ «ተስቦ ነው» ብዬም አልምልም።
እሱ ግን፣ ገና ከንፈሩ ሳይርስ፦
«ሣር ሲጠግብ ይናከሳል፣ አባቴ ይለው ነበር፤
እኛ በሣሩ ሆድ እናውቃለን፣ እናንተ በቁጥር።»
«ታዲያ ለምን ተኛህ?»
«ደክሞኝ ነዋ።»

ባለፈው ሳምንት ማጠቃለያው መጣ፣ በቀለም ያማረ፤
መስመሩ ነሐሴ ላይ ተራራ፣ እንደ ታቦር የከረረ፣
መስከረም ላይ ቁልቁለት።
በመሐላቸው ምንም። አምስቷ ቀን የለችም።
ኮምፒውተሩ ጳጉሜን አያውቅም።

ዛሬ ጥር ነው። ደግሞ እጎትታለሁ።
ሆጤሶ ሸክሙን ድንጋይ ላይ አሳረፈ፣ እሱ እንደቆመ፤
አሁን እንዲህ ነው የሚያርፈው።
«ዛሬስ ስንት?»
«ባዶ» አልኩት፣ ጨርቁን ዘርግቼ።
በማጭዱ ጫፍ የሣሩን ሥር ገለጥ አደረገና፣
እንደሚተኛ ሕፃን አጠገብ ድምፁን ቀነሰ፦
«ባዶ አይደለም። ተኝቷል።»